የወንዝ ቀን

ጉዞ አስተባባሪ በነበርኩበት ጊዜ በማወጣው ፕሮግራም ላይ ሁልጊዜ አንዲት ባዶ ቀን ነበረች። ጂንካ አውሮፕላን የሚመጣው በየቀኑ አልነበረም። ስለዚህ ከታችኛው ኦሞ የሚመለስ እንግዳ አውሮፕላኑ ከሚነሣበት አንድ ቀን ቀድሞ ከተማ እንዲገባ አደርግ ነበር። ከዚያች ቀን ፊት ለፊት ምንም አልጽፍም። ሾፌሮቻችን "የወንዝ ቀን" ይሏት ነበር።

አዲስ አበባ ያለው ዋና መሥሪያ ቤት አይወዳትም።

"ይህ ባዶ ቀን ምንድነው?" ብለው በራዲዮ ይጠይቁኛል።

"ወንዝ ነው።"

"የትኛው ወንዝ?"

"የሚመጣው።"

ይሥቃሉ። እኔ ግን አልሠርዛትም ነበር።

ይህን ያስተማሩኝ አንድ ሾፌር ናቸው። የአሪ ሰው ናቸው፤ በዕድሜ ዐሥር ዓመት ያህል ይበልጡኛል፤ ጋሼ እላቸው ነበር። እኔ ከጎፋ በኩል አግብቼ የመጣሁ ነኝ። ባለቤቴ መምህር ነበር፤ ሦስተኛዋ ልጃችን ጡት ሳትጥል ዐረፈ። በዚያው ዓመት አንድ የተራድኦ ድርጅት ጂንካ ላይ ቢሮ ከፈተና በታይፒስትነት ተቀጠርኩ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጆቼ አንድም ቀን ጦማቸውን አላደሩም።

ከሁለት ዓመት በኋላ የእንግዶችን ጉዞ እንዳዘጋጅ ተመደብኩ። የመጀመሪያውን ፕሮግራም ያወጣሁት ካርታ ዘርግቼ፣ ኪሎ ሜትር ደምሬ ነው። ጋሼ ወረቀቱን ይዘው መጡ።

"ይቺን ማን ጻፋት?"

"እኔ ነኝ ጋሼ።"

"ኪሎ ሜትሩ ልክ ነው። ወንዙ የታለ?"

"ወንዙማ ደረቅ ነው አሉኝ።"

"ደረቅ ወንዝ የሚባል የለም እህቴ። ገና ያልመጣ ወንዝ ነው ያለው።"

በቀጣዩ ጉዞ ይዘውኝ ሄዱ። ከቱርሚ ወደ ዱስ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ሰፊ አሸዋ አለ። ስንሄድ አቋረጥነው፤ አቧራ አስነሥተን ነው ያለፍነው። ስንመለስ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ፀሐይዋ እያቃጠለች፣ አሸዋው ላይ ቀይ ውሃ ይጋልባል። ዝናቡ የጣለው ከላይ ከኮረብታው ነው፤ እኛ ጠብታ አላየንም። ጋሼ ከወንበራቸው ሥር ዱላ አወጡ። ከመሐሉ ሣር አሰሩበትና ከውሃው ዳር ተከሉት። ከዚያ ጥላ ፈልገው ቁጭ አሉ። ውሃው ሣሩን ከነካ ማንም መኪና አይነሣም። ከሣሩ አንድ ስንዝር ሲወርድ በእግር ገብቶ ከሥር ያለው አሸዋ መጽናቱን ረግጦ ማየት ነው። ከዚያ በኋላ መሻገር። ያን ቀን አምስት ሰዓት ጠበቅን።

በሾፌሮቹ ዘንድ ያልተጻፈ ሕግ ነበር። ከጂንካ መቼ እንደሚነሣ የሚወስነው ቢሮ ነው፤ ወንዝ ዳር ሲደርስ የሚወስነው ሾፌሩ ነው። እዚያ ኃላፊ የለም፤ እንግዳ የለም። እኔም ይህን ተቀብዬ ብዙ ዓመት ሠራሁ። ከካኮና ከአልዱባ ገበያ የሚመለሱ የጭነት መኪና ሾፌሮችን መንገድ ላይ አቁሜ "ወንዞቹ እንዴት ዋሉ?" እል ነበር። በእኔ ጊዜ ወንዝ የወሰደው መኪና የለም። በእኔ ጊዜ አውሮፕላን ያመለጠው እንግዳ የለም። ኩራቴ እሱ ነበር።

ከዚያ የቅርንጫፉ ኃላፊ ወደ ሌላ አገር ተዛወሩ። እኔ ተጠባባቂ ሆንኩ። በጊዜያዊነት ነው ተባልኩ፤ ዋናው ኃላፊ ከአዲስ አበባ መጥተው አይተው ይወስናሉ። ትልቁ ልጄ ኮሌጅ ሊገባ ነው። ኃላፊነቱን ፈልጌው ነበር። አልዋሽም።

የዋናው ኃላፊ ጉብኝት ሲቃረብ መልእክት ደረሰኝ። እንግዶች አብረዋቸው ይመጣሉ፣ ዱስ ሄደው የወንዝ ዳር እርሻውን ያያሉ፣ ያላቸው ሦስት ቀን ብቻ ነው፣ ባዶ ቀን አይኑርበት።

እምቢ ማለት እችል ነበር። አስተባባሪ ሳለሁ እል ነበር። የወንዝ ቀኗን ሠረዝኳት።

ጋሼ ፕሮግራሙን አንብበው ቢሮዬ ገቡ። በሩን ዘጉት።

"ቀኗ የታለች?"

"በዚህኛው የለችም ጋሼ። ጊዜ የላቸውም።"

"ወንዙ ይሄን ያውቃል?"

"እንጸልያለን፤ ጌታ ያሳልፈናል።"

"እንጸልያለን እንጂ። ግን ቀኗን ጽፈሽ ብንጸልይ ምን አለበት?"

ሣቅሁ። እሳቸውም ትንሽ ሣቁ፤ ወጡ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ራዲዮው ጠራ። አውሮፕላኑ የሚነሣው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ጋሼ ነበሩ።

"ቢሮ፣ ቢሮ፣ ወንዝ ዳር ነን። መጥቷል። ኦቨር።"

"ምን ያህል ነው? ኦቨር።"

"ሣሩን አልፏል። ኦቨር።"

ሰዓቴን አየሁ። አሁን ከተሻገሩ ይደርሳሉ። አንድ ሰዓት ከዘገዩ ግን አይደርሱም።

"ጋሼ፣ ላንድክሩዘር እኮ ነው። ቀስ ብለው ይሞክሩት። ኦቨር።"

ከኋላቸው ሰው ሲናገር ይሰማኛል።

"እህቴ፣ ውሃው ሣሩን አልፏል። ኦቨር።"

"ተሻገሩ። ይህ ትእዛዝ ነው። ኦቨር።"

ይህን ቃል ከዚያ በፊት ተናግሬው አላውቅም ነበር። ራዲዮ የግል አይደለም፤ ያን ጠዋት በየጣቢያው ያሉ ሾፌሮች ሁሉ ይሰሙን ነበር።

"አልሻገርም" አሉ። "ሰው ጭኛለሁ። ኦቨር።"

አልተሻገሩም። አውሮፕላኑ ሰዓቱን ጠብቆ መጣ፤ ከሜዳው ላይ ከብቱ ተባረረ፤ ሰው ተሳፈረ፤ ሄደ። እኔ አጥሩ ጋ ቆሜ አየሁት።

እንግዶቹ የገቡት ሲመሻሽ ነው። በማግስቱ ጠዋት ዋናው ኃላፊ ቢሮዬ መጥተው ከጠረጴዛው ወዲያ ሳይሆን ወዲህ፣ ከእኔ ወንበር ላይ ተቀመጡ። አዲስ አበባ ላይ ትልቅ ስብሰባ ቀርቶባቸዋል።

"ውሃው በርግጥ ከባድ ነበር" አሉ። "እኛ ቆመን እያየን ዛፍ ከነሥሩ ወስዷል።"

"እግዚአብሔር ጠብቋችኋል" አልኩ።

"አዎን። ግን ስብሰባው ቀርቷል፤ እዚያ መልስ እጠየቃለሁ። ፕሮግራሙን ማን አወጣው?"

ማን እንዳወጣው ያውቃሉ። ባዶ ቀን አይኑርበት ያሉትም እሳቸው ናቸው። የሚጠይቁኝ መልሱን ሳይሆን መልሱን በማን ላይ እንደምጥል ነበር። ሁለታችንም ዝም ብንል ኖሮ ነገሩ ምናልባት እዚያው ይሞት ነበር። እኔ ተናገርኩ።

"ሾፌሩ ትእዛዝ አልተቀበሉም" አልኩ።

"በጽሑፍ አድርጊው" አሉ።

አደረግሁት። ታይፒስት ስለነበርኩ ፈጥኜ ነው የጻፍኩት።

ማስጠንቀቂያ ይሰጧቸዋል ብዬ ነበር። ራሴን ያሳመንኩት እንደዚያ ነው። በወሩ በአውሮፕላን አንድ ፖስታ መጣ፤ ውስጡ ሁለት ደብዳቤ ነበር። አንደኛው እኔን የቅርንጫፉ ኃላፊ አድርጎ ይሾማል። ሁለተኛው ጋሼን ከሥራ ያሰናብታል፤ የሚፈርመው የቅርንጫፉ ኃላፊ ነው ይላል።

ከመፈረሜ በፊት ጸልያለሁ። የጸለይኩት ለመፈረም አቅም እንዲሰጠኝ ነው።

ጋሼ ደብዳቤውን ቆመው አነበቡ። ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ መቀበላቸውን ለማረጋገጥ ብዕር ጠየቁኝ፤ ሰጠኋቸው፤ ፈረሙ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

"መኪናዋ ውስጥ አንድ ዱላ አለች" አሉ። "የእኔ ናት፤ የመሥሪያ ቤቱ አይደለችም። ከፈቀዱልኝ እወስዳለሁ።"

ፈቀድኩላቸው። ዱላቸውን እንዲወስዱ ፈቀድኩላቸው።

ጋሼ ከከተማው በላይ ወዳለው የአባታቸው መሬት ወጡ፤ እንሰትና ቡና ያዙ፣ አቮካዶ ተከሉ። ሌላ መሥሪያ ቤት አልቀጠራቸውም። ጂንካ ትንሽ ናት፤ "ትእዛዝ አይቀበልም" የተባለ ሾፌር ቀድሞት የሚደርስ ወሬ አለው። ባለቤታቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ይወጣሉ። ሲያዩኝ ይጠሩኛል፤ የልጆቼን ደኅንነት አንድ በአንድ ይጠይቃሉ፤ ከገዛሁት ላይ ሁለት አቮካዶ ይጨምራሉ። "ኧረ ይቅር" እላለሁ። "የልጆቹ ነው" ይላሉ። በኋላ በኋላ በሌላ በኩል መዞር ጀመርኩ።

ከእሳቸው ግን መሸሽ አልቻልኩም። አንድ ቤተ ክርስቲያን ነን። እሳቸው ሽማግሌ ናቸው፤ የጌታ እራት በሚሆንበት እሑድ የኅብስቱን ትሪ ይዘው በየረድፉ የሚያዞሩት እሳቸው ናቸው። ወንድምሽ የሚያዝንብሽ ነገር ካለ አስቀድመሽ ታረቂ ተብሎ ይነበባል፤ ከዚያ ትሪው ይመጣል። ሦስት ጊዜ ወሰድኩ። በአራተኛው ሳልወስድ ትሪውን ወደ ጎን አሳለፍኩት። ከጎኔ የተቀመጠችው ቀና ብላ አየችኝ።

ከዚያ ወዲያ በዚያ ሰዓት የሕፃናትን ክፍል ላስተምር ብዬ ጠየቅሁ። ደስ አላቸው። ኃላፊ ሆና ሳለች ከሕፃናት ጋር ምንጣፍ ላይ ትቀመጣለች እያሉ ትሕትናዬን አመሰገኑ።

ዓመታት አለፉ። መልካም ኃላፊ ነበርኩ፤ ሁሉም እንደዚያ ይላል። ልጆቼ ተምረው ወጡ፤ ሁለቱ አገቡ። ለዚህ ጌታን ሳላመሰግን የዋልኩበት ቀን የለም። ሞባይል መጣ፣ ራዲዮው ቆመ። አስፋልት ገባ። ከብት የሚባረርበት ሜዳ ቀርቶ አዲስ አየር ማረፊያ ተሠራ።

አንድ ያስቸገረኝ ነገር ጎማ ነበር። በዝናብ ወራት ሾፌሮቼ ወደ ቆላ ሲወርዱ ጎማ ይፈነዳባቸዋል፤ ዘግይተው ይመጣሉ፤ አንዳንዴም መንገድ ላይ ያድራሉ። "ምነው ዘገያችሁ?" ስላቸው "ጎማ ነው እሜቴ" ይላሉ። ለዋናው መሥሪያ ቤት ደጋግሜ ጻፍኩ። የተሻለ ጎማ ላኩልን። እሱም ፈነዳ።

ባለፈው ዓመት የደቡቡን ቅርንጫፎች ሁሉ እንድመራ ተመረጥኩ፤ ወደ አርባ ምንጭ እንድዛወር ተወሰነ። ቤተ ክርስቲያን ምስክርነት እንድሰጥ ጠየቀችኝ። ቆምኩ። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ በታይፒስትነት መቀጠሬን፣ ጉዞ አስተባባሪ መሆኔን፣ ጌታ ደረጃ በደረጃ እንዳነሣኝ ተናገርኩ። ሰው እልል አለ። ጋሼ ከሽማግሌዎቹ ወንበር ላይ ነበሩ። አላጨበጨቡም፣ ፊታቸውንም አላጠቆሩም።

ስወጣ በሩ ጋ ጠበቁኝ። ፀጉራቸው ሙሉ በሙሉ ነጥቷል።

"ምስክርነትዎ ጥሩ ነበር" አሉ። "ወንዙ ግን አልነበረበትም።"

ከዚያ ተሰናብተውኝ ዳገቱን ወጡ።

በዚያው ሳምንት ዐርብ ቀን ቤታቸው ሄድኩ። ቡና ሥር አረም እየነቀሉ ነበር። ቀና ብለው አዩኝ፣ እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ። የመጣሁበትን ሳላስረዝም ተናገርኩ። ቀኗን የሠረዝኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱን በእርስዎ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ይቅር ይበሉኝ።

ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

"ይቅርታ ያደረግሁት ድሮ ነው" አሉ። "ካላደረግሁ ያን ትሪ እንዴት እይዘዋለሁ? ከእኔ ጋር ያለውን ጨርሰሻል። ሾፌሮቹን ጠይቂ።"

"ምን ብዬ?"

"ጎማው ስንት ጊዜ ፈነዳ ብለሽ።"

ሰኞ ጠዋት ሾፌሮቹን ሰብስቤ፣ ያኔ ወንዙ በመጣበት ጠዋት በራዲዮ ያልተሰማውን ነገርኳቸው። የሠረዝኳትን ቀን፣ የጻፍኩትን ደብዳቤ፣ በአንድ ፖስታ የመጡትን ሁለት ወረቀቶች። ሲሰሙ የደነገጠ አልነበረም። ከዚያ ስለ ጎማው ጠየቅሁ።

እርስ በርስ ተያዩ። በመጨረሻ አንጋፋው ሾፌር አፉን ከፈተ።

"እሜቴ፣ ጎማ የፈነዳው ሁለቴ ይሁን ሦስቴ ነው። ሌላው ወንዝ ነው።"

"ታዲያ ለምን ወንዝ ነው አላላችሁኝም?"

"'ወንዝ' ያለውን ሰው አየነው እኮ።"

ከኋላ አንዱ ሣቁን መያዝ አቃተው። "አዲስ ጎማ ሲመጣልንማ ጭንቅ ያዘን" አለ። "ቢያንስ አንዱን እናፈንዳው ብለን ነበር።" ሁሉም ሣቁ። እኔም ልሥቅ ሞከርኩ።

"የሠረዟትን ቀንም እናውቃለን" አለ አንጋፋው። "ፕሮግራሙ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። የማናውቅ የመሰለዎት እርስዎ ብቻ ነዎት።"

ይህን ሁሉ ዓመት የመራሁት ቢሮ ወንዝ ሲመጣ ወንዝ መጣ የሚለኝ ሰው የሌለበት ቢሮ ነበር። እነሱ ከእኔ ተደብቀው ሰው ሲያድኑ ኖረዋል። እኔ ስለ ጎማ ስጽፍ ኖሬያለሁ። ማንንም ውሃ አልወሰደብኝም፤ እግዚአብሔርን አመሰግነዋለሁ። የጠበቃቸው ግን በእኔ በኩል አልነበረም።

ለዋናው መሥሪያ ቤት እውነቱን ጻፍኩ። የጋሼ ስንብት እንዲሻር፣ ከፋይላቸውም "ትእዛዝ አልተቀበለም" የሚለው እንዲነሣ ጠየቅሁ። ለሹመቱም ብቁ መሆን አለመሆኔን እነሱ ይወስኑ አልኩ። መልሱ በሁለት ሳምንት መጣ። ለግልጽነቴ ያመሰግናሉ። ጉዳዩ ስለቆየ ፋይሉ ተዘግቷል፤ የሚከፈትበት መንገድ የለም። አርባ ምንጭ የምጀምረው በታሰበው ቀን ነው።

ጥፋቴን በሁለት ገጽ አምኜ ጽፌ የደረሰብኝ ነገር ምስጋና ነው። እሳቸው አንድ ቃል፣ እውነተኛ ቃል፣ በራዲዮ ተናግረው ከሥራ ወጡ።

ደብዳቤውን ወስጄ አነበብኩላቸው። መነጽሬ ጠፋብኝ ብለው እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። ሲያልቅ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እነሱ ወንዝ ዳር ቆመው ዛፉን አይተዋል" አሉ። "ያኔ ያልተቀበሉትን አሁን ከወረቀት ይቀበላሉ ብለሽ ነው?"

"ሌላ ምን ላድርግ ጋሼ?"

"ቀኗን መልሻት።"

መልሻታለሁ። አሁን በሁሉም ቅርንጫፍ፣ ወንዝ በሚሻገር ጉዞ ሁሉ ላይ አለች፤ ከፊቷም ባዶ አልተውኩም፣ "ወንዝ" ብዬ አስጽፌባታለሁ። ወንዝ ዳር የሚወስነው ሾፌሩ ነው የሚለውም ተጽፎ ተለጥፏል። የጋሼ ፋይል ተዘግቶ እንዳለ ነው። ከተሰናበቱ ወዲህ መኪና ነድተው አያውቁም።

ጂንካን ከመልቀቄ በፊት በነበረው እሑድ የጌታ እራት ነበር። የሕፃናቱን ክፍል ለሌላ ሰው ሰጥቼ ረድፌ ላይ ተቀመጥኩ። ትሪው ከፊት ጀምሮ መጣ። ጋሼ ረድፋችን ጋ ሲደርሱ ከጎኔ ላለችው ሳይሆን ለእኔ ዘረጉት፤ ቆሙ። አልቸኮሉም። ወንዝ ዳር እንደሚጠብቁት ጠበቁኝ።

ወሰድኩ። ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። ቁራሹን ጎረስኩና ትሪውን ከጎኔ ላለችው አሳለፍኩት።